ሁለት አማካሪ፣ ሁለት ክብ፦ 20 ቶን ጋዝ እስከ ስንት ሜትር ያቃጥላል?

ጥያቄ፦ «የአንድ ፋብሪካ ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። 20 ቶን የሚይዝ የኤልፒጂ (በግፊት ፈሳሽ የተደረገ ጋዝ) ታንክ ልንተክል ነው። አንድ አማካሪ አሎሃ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሠርቶ 500 ሜትር የሚጠጋ የአደጋ ክብ ሰጠን። ሌላው ፋስት በሚባለው የሚከፈልበት ሶፍትዌር ሠርቶ 250 ሜትር አለን። ሥራ አስኪያጃችን የሚከፈልበት ይሻላል፣ 250ው ይያዝ ይላሉ። ማንኛው ነው ትክክል? እኛስ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ? ኤፍዲኤስ የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አይቻለሁ፤ ፍንዳታ ያሰላል ወይ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጅዎ ግን ተሳስተዋል፤ የሶፍትዌሩ ዋጋ እዚህ ጋ ምንም አይወስንም። እንደሚመስለኝ ሁለቱ አማካሪዎች ያዩት አንድ ዓይነት እሳት ነው። የለኩበት መስፈርት ግን ይለያያል። ይህን ለማየት ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል።

ቁጥሮቹን ሳያቸው ሁለቱም የሠሩት ብሌቪ የሚባለውን አደጋ ይመስላል። ታንኩ በእሳት ተከቦ ይግላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ይፈላል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ፈሳሹ የማይነካው የላይኛው ብረት ሙቀቱን የሚወስድለት ስለሌለ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ታንኩ ይቀደዳል። ፈሳሹ በቅጽበት ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣና ትልቅ የእሳት ኳስ ይሆናል። የኳሱ ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በጋዙ ክብደት ነው። የክብደቱን ኩብ ሩት በኪሎግራም ያውጡ። በ5.8 ሲያባዙት ዲያሜትሩን በሜትር ያገኛሉ። በ0.45 ሲያባዙት ደግሞ እሳቱ የሚቆይበትን ጊዜ በሰከንድ ያገኛሉ። ከ30 ቶን በላይ ሲሆን የጊዜው ቀመር ይለያል፤ እርስዎ ግን እዚያ አልደረሱም። የ20,000 ኩብ ሩት 27 ገደማ ነው። ስለዚህ ኳሱ 157 ሜትር ይሰፋል፣ 12 ሰከንድ ያህል ይነዳል። አሎሃም ውስጡ ያለው ይኸው ቀመር ነው።

«ታንኩ እኮ ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም» ብሎ ክቡን ሊያሳንስ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ብዙ አያተርፍም። ኩብ ሩት ስለሆነ ጋዙ በግማሽ ሲቀንስ ኳሱ የሚያንሰው በ20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሎሃን ካልነካኩት ሦስት ክብ ያወጣል፦ በካሬ ሜትር 10፣ 5 እና 2 ኪሎዋት ሙቀት የሚደርስባቸውን። የመጀመሪያው በ60 ሰከንድ ውስጥ ሊገድል የሚችል ነው። ሁለተኛው በ60 ሰከንድ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ያስከትላል። ሦስተኛው በ60 ሰከንድ ሕመም ያመጣል። 60 ሰከንድ የሚለውን ልብ ይበሉ። የእርስዎ የእሳት ኳስ ዕድሜው 12 ሰከንድ ነው። ከጋዙ ጉልበት 30 በመቶው በጨረር ይወጣል፣ ከዚያም ላይ አየሩ ጥቂቱን ይውጣል ብዬ በእጅ ስሠራው፣ 5 ኪሎዋቱ እስከ 490 ሜትር ግድም ይደርሳል። የመጀመሪያው አማካሪ ክብ ይህ ነው።

አሁን ጊዜውን እናስገባ። ቆዳ የሚጎዳው ሙቀቱ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነና ምን ያህል እንደቆየ ተደምሮ ነው። የሙቀት ዶዝ ይባላል። ሙቀቱ 4/3 በሆነ ፓወር ይነሣና በሰከንዱ ይባዛል። 5 ኪሎዋት በ60 ሰከንድ የሚያደርሰውን ጉዳት በ12 ሰከንድ ለማድረስ 16 ኪሎዋት ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ይህን የሚያገኙት ደግሞ 250 ሜትር አካባቢ ነው። የሁለተኛው አማካሪ ክብም መጣ። ያው ኳስ፣ ያው ቃጠሎ፣ ሌላ አቆጣጠር። የመጀመሪያው በዶዝ ቢሠራ ኖሮ እሱም 250 ባለ ነበር። ሁለተኛው በ5 ኪሎዋት ቢሠራ እሱም ወደ 500 በሄደ ነበር።

ታዲያ የትኛው ይያዝ? ለምን እንደሚፈልጉት ይወስነዋል። ሰው ከየት እስከ የት ይውጣ ለሚለው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ 500ውን ይያዙ። እዚያ መቆጠብ ምንም ጥቅም የለውም። ለግቢው አቀማመጥ፣ ማለትም ቢሮና ካፌ የት ይሠራ ለሚለው፣ በዶዝ መሥራት ያስኬዳል። ግን 250 ሜትር የሰላም ድንበር ነው ብለው እንዳይፈርሙ። ትርጉሙ እዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ቆዳው ይቃጠላል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውም ሕመሙ አይቀርለትም። በዚያ ላይ ሁለቱም ክቦች ስለብረቱ ምንም አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሜክሲኮ ሲቲ ዳርቻ፣ ሳን ሁዋን ኢሽዋቴፔክ በሚባለው ሰፈር፣ የኤልፒጂ ታንኮች ተራ በተራ ፈንድተው 500 የሚያህል ሰው ሞቷል። ከታንኮቹ አንዱ 1,200 ሜትር ተወርውሮ ተገኝቷል። አሎሃ የብረት ቁርጥራጭን አያሰላም፤ ይህን ራሱም በግልጽ ይናገራል።

የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ሁለቱም አንድ አንድ ክብ ብቻ ነው የሰጧችሁ። ብሌቪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌላ አደጋን ተከትሎ ነው። ታንኩን የሚያሞቅ እሳት መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1966 በፈረንሳይ ፌዚን ማጣሪያ የሆነው ይህ ነው። ከፕሮፔን ታንክ ሥር ውሃ ሲያፈሱ ቫልቩ በበረዶ ተይዞ አልዘጋ አለ። ጋዙ በመሬት እየተሳበ ወደ መንገድ ሄደ። እዚያ መኪና አቀጣጠለው። እሳቱ ተመልሶ ታንኩን አሞቀው፣ ታንኩም ፈነዳ። 18 ሰው ሞተ። ብሌቪው የታሪኩ መጨረሻ ነበር፤ ሊቆም ይችል የነበረው መጀመሪያው ላይ ነው።

በእናንተ ግቢ መጀመሪያው የት ሊሆን ይችላል? እኔ ብጠየቅ ማራገፊያው ላይ ነው የምለው። ቦቴው ጋዝ ሲያራግፍ ጋዙ የሚያልፍበት የማራገፊያ ጎማ (ሆዝ) ይበጠሳል። ወይ ሾፌሩ ጎማው ሳይፈታ መኪናውን ያንቀሳቅሳል። ያኔ የሚወጣው ጋዝ ከሦስት አንዱን ዕጣ ያገኛል። ወዲያው ከተለኮሰ እንደ ችቦ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወረወር ነበልባል ይሆናል። ይህ ነበልባል ታንኩን ከነካ ወደ ብሌቪ ይወስዳል። ዘግይቶ ከተለኮሰ ደመናው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ውስጡ ያለ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ደመናው ቧንቧና ማሽን በተጠቀጠቀበት ቦታ ከገባ ደግሞ እሳቱ እየፈጠነ ሄዶ ይፈነዳል። ሶፍትዌሮቹ በእውነት የሚለያዩት እዚህ ነው።

አሎሃን እናስቀድም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደሩ ኖኣ አብረው የሠሩት ነው። ዋና ዓላማው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በደቂቃዎች ውስጥ ግምት እንዲያገኝ ነው። ለዚያ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። መሬቱን ሜዳ አድርጎ ያያል። ነፋሱ አይለወጥም ብሎ ይነሣል። ከ1 ሰዓት በላይ አይሄድም፣ ከ10 ኪሎሜትር በላይም አይስልም። በሴኮንድ ከ1 ሜትር በታች የሆነ ነፋስ አይቀበልም። ድብልቅ ኬሚካልም በውሃ ከተበረዙ ጥቂት ኬሚካሎች በቀር አይሠራም። ኤልፒጂ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ስለሆነ አንዱን መምረጥ ይኖርብዎታል። ፕሮፔንን ይምረጡ፤ በፍጥነት የሚተንነው እሱ ነው።

እነዚህ ገደቦች ለእኛ አገር ደጋ ትንሽ አይደሉም። ሌሊት ነፋሱ ጸጥ ሲል ቀዝቃዛ አየር ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ። ሁለቱም ቦይና የጎርፍ መውረጃ ተከትለው ነው የሚሄዱት። አሎሃ ቦዩን አያውቀውም። ስለዚህ ያወጣውን ሥዕል ይዘው ግቢው ውስጥ በእግር ይዙሩ፣ ዝቅ ያለው ወዴት እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ።

ሌላው የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ሰዓቱ ነው። አሎሃ አየሩ የተረጋጋ ወይም የሚናወጥ መሆኑን የሚገምተው ከቀኑ፣ ከሰዓቱ፣ ከደመናውና ከነፋሱ ተነሥቶ ነው። የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚሆን አደጋ ለመሥራት 9 ብለው ካስገቡ ፀሐይ የወጣበት ረፋድ አድርጎ ይወስደዋል። መግባት የነበረበት 3 ነው። በረፋድ ፀሐይ የሞቀ አየር ጋዙን ቶሎ ይበትነዋል፣ የሌሊቱ አየር ግን አያንቀሳቅሰውም። ክቡ በጣም አጥሮ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩም አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥዎትም። ቦታውንም ሲመዘግቡ ኬንትሮሱ ምሥራቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ምዕራብ ብለው ከተዉት ፋብሪካዎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው።

ከፍታውንም ያስገቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለእሳት ኳሱ ይህ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለጋዝ ደመናው ግን ያመጣል። ፕሮፔን ለመቀጣጠል ከአየሩ ቢያንስ 2.1 በመቶ መሆን አለበት። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ያንን በመቶኛ ለመሙላት የሚያስፈልገው የጋዝ ክብደት ያንሳል። ስለዚህ እኩል የፈሰሰ ጋዝ ሊቀጣጠል የሚችልበት ርቀት ይረዝማል። በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ የተሠራ ሪፖርት ኮፒ አድርጎ የሚያመጣልዎት አማካሪ ይህን ያመልጠዋል።

ፋስት የኖርዌዩ ዲኤንቪ ምርት ነው። ድብልቅ ይቀበላል። በግፊት የሚወጣ ፈሳሽ ምን ያህሉ በአየር ላይ ተንኖ ምን ያህሉ መሬት ላይ እንደሚወርድ ያሰላል። ብዙ ዓይነት አደጋዎችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ኢፌክትስ የሚባለውም ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ነው። መነሻው የኔዘርላንድሱ ቲኤንኦ ሲሆን አሁን የጌክስኮን ነው። ሁለቱም ከአሎሃ በብዙ ይሻላሉ። ግን መሬቱን ሜዳ አድርጎ በማየት ረገድ ወንድማማቾች ናቸው። ሕንፃውንና ግድግዳውን በሦስት አቅጣጫ የሚያዩት እንደ ፍላክስ ያሉት ናቸው። ፍላክስ ከኖርዌይ በርገን የወጣ ሲሆን ለባሕር ላይ የጋዝ መድረኮች ፍንዳታ ብሎ የተሠራ ነው። አንዷን ሁኔታ ለማስላት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። ግቢውን ከነቧንቧው መሳል ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ለአንድ ባለ 20 ቶን ታንክ እሱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ኤፍዲኤስን ስለጠየቁኝ፦ ለፍንዳታ አይሆንም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት የሠራው በጣም ጥሩ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን የሚያሰላው ከድምፅ ፍጥነት በጣም ያነሰ እንቅስቃሴን ነው፦ የክፍል እሳትን፣ ጭስን፣ የመጋዘን ቃጠሎን። የፍንዳታ የግፊት ሞገድ ከዚያ ክልል ውጭ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የፍንዳታ ሲሙሌሽን በኤፍዲኤስ» የሚል ነገር ካዩ ያማረ ቪዲዮ ነው፤ ቁጥሩን ሪፖርት ውስጥ አያስገቡት።

ስለ ፍንዳታ ካነሣን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አሎሃ ስለ ቦታው መጨናነቅ የሚጠይቅዎት ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጥቶ ነው፦ የተጨናነቀ ወይም ያልተጨናነቀ። መልሱ በእርስዎ ግምት ብቻ ይገለባበጣል። ያልተጨናነቀ የሚለውን መርጦ ፍንዳታን ከሪፖርት ማውጣት ደግሞ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ በንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ የሆነውን ያስቡ። ቤንዚን ከታንክ አናት ሞልቶ ፈሰሰ። ሲወርድ እየተበታተነ ብዙ ተን ፈጠረ። ነፋስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ደመናው በዝቅታ ተንጣለለ። ሜዳ ላይ ያለ የቤንዚን ዴፖ ቢበዛ ይቃጠላል እንጂ እንደዚያ አይፈነዳም የሚል እምነት ነበር። ፈነዳ፤ ከ40 በላይ ሰው ቆሰለ። እሑድ ማለዳ ባይሆን ኖሮ የሞተም አይጠፋም ነበር። በኋላ ምርመራው ሲካሄድ በመንገዱ ዳር የነበሩት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች እሳቱን እንዳፋጠኑት ታወቀ። የግቢዎ የባሕር ዛፍ አጥርም እንደ መጨናነቅ ይቆጠራል ማለት ነው።

ስለ ግዢው ደግሞ፦ አይግዙ። ላይሰንሱ ውድ ነው። በዓመት አንዴ ለሚሠራ ጥናት አያዋጣም፣ ሠራተኛውም በመሃል ይረሳዋል። ክራክ የተደረገ ፋስት በፍላሽ የሚያቀብል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከሕጉ ባሻገር የሪፖርቱን ዋጋ ያጠፋል። ኢንሹራንሱ ወይም ተቆጣጣሪው በየትኛው ስሪትና በማን ላይሰንስ እንደተሠራ የጠየቀ ቀን መልስ የለዎትም። ኔዘርላንድስ ለፋብሪካዎች የስጋት ስሌት ሁሉም ሰው ሳፌቲ የሚባለውን የዲኤንቪ ሶፍትዌር የአገሩን ስሪት እንዲጠቀም ደንግጋለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውጤቶች እንዲነጻጸሩ። እንደዚያ ያለ ወጥ አሠራር በሌለበት ቦታ ማነጻጸሪያውን ራስዎ መፍጠር ይኖርብዎታል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አሎሃን ራስዎ አውርደው ይማሩት፤ ለአደጋ ጊዜ ዕቅድና ለልምምድ ይጠቀሙበት። ለታንኩ ቦታ ውሳኔ ግን ፋስት ወይም ኢፌክትስ ላይሰንስ ያለው አማካሪ አንድ ጊዜ ይቅጠሩ፤ ሁለተኛው ሰውዬ ራሱ ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ የሚጽፉት ግን ሶፍትዌሩን ብቻ አይሁን። ቢያንስ የማራገፊያ ጎማ መበጠስ፣ የቧንቧ ቀዳዳና ብሌቪ በየራሳቸው ይሠሩ። እያንዳንዱ በቀንና በጸጥተኛ ሌሊት ይሠራ። ውጤቱ በሙቀት መጠንም በዶዝም ይቅረብ። ከእያንዳንዱ ክብ ጋር ያስገባው ቁጥር ሁሉ በአባሪ ይምጣ፦ የቀዳዳው ስፋት፣ ጋዙ ሳይዘጋ የቆየበት ጊዜ፣ ነፋሱ፣ ከፍታው፣ የጉዳት መስፈርቱ። ያንን አባሪ የማይሰጥ አማካሪ ክፍያ አይገባውም። ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ሊያጋጥም እንደሚችልም የሚጠይቅ አካል ካለ፣ ያ ሌላ ጥናት ነው፤ ክብ መሳል አይመልሰውም።

ከሁሉ በፊት ግን ለሥራ አስኪያጅዎ ሌላ ጥያቄ ያቅርቡላቸው። ታንኩ ገና አልተተከለም። በአፈር የሚሸፈን ታንክ ዋጋው ምን ያህል ይጨምራል? በትክክል በአፈር የተሸፈነ ታንክን እሳት ስለማያገኘው ብሌቪ ከሥጋቱ ዝርዝር በተግባር ይወጣል፤ የ250ና የ500 ክርክሩም አብሮት ይቀራል። ከማራገፊያው መስመር ላይ በርቀት የሚዘጋ ቫልቭና መኪናው ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚቆልፍ መጋጠሚያ ቢጨምሩበት የጋዙ ደመናም በብዙ ያንሳል። የሁለቱን ዋጋ ከአቅራቢው ይጠይቁና ከአማካሪው ክፍያ ጎን ያስቀምጡት።